ወደ ኮርክ የተላከው እርሾ

ኮርክ፣ አየርላንድ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ጉዴ፣ በአጎቴ ልጅ በሴና አንባቢነት፤

እንደምን ከርማችኋል? የጎጆ ከተማ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ የጽዮን እመቤት ክብር ይግባትና ደህና ነኝ። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ይህን መጻፌን ስላሳካችልኝ አመሰግናታለሁ።

ሴና፣ ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩት፣ የእናቴ የአዮ ጆሮ ከከበደ ወዲህ በስልክ የምንለው «ሃሎ፣ ሃሎ» ብቻ ስለሆነ ነው። ወረቀት በእጇ ስትይዝ ደግሞ ደስ ይላታል ብለሽኛል። ስለዚህ ለጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮኸሽ አንብቢላት።

አዮ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጠላ ነው። አትሳቂ። በሥራዬ እቤታቸው እያደርኩ የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን አልደከመም። ድሮ በቤታቸው ጥቁር ቢራ ይጠምቁ ነበር። አሁን ባልዲውን ማንሳት ሲያቅታቸው «ክንዱ ያንቺ፣ ዕውቀቱ የእኔ» ብለው ጠማቂ አደረጉኝ። ጠመቃው እንዳንቺ አይደለም። ሁሉም ነገር ባንድ ካርቶን ተሟልቶ ይሸጣል፤ የፕላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ፣ አየር የሚያስወጣ ቱቦ፣ ማር የመሰለ ጥቁር የብቅል ጭማቂ በቆርቆሮ። ብቅል ማብቀል የለ፣ አሻሮ መቁላት የለ፣ ጌሾ መውቀጥ የለ። ቆርቆሮውን ከፍተሽ በሙቅ ውሃ ትበጠብጪዋለሽ፣ ስኳር ትጨምሪበታለሽ፣ ሲቀዘቅዝ እርሾ ትበትኚበታለሽ። በቃ። አፍሬ ነው የምነግርሽ።

እርሾው ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ይመጣል፤ የሻይ ከረጢት የምታክል ፓኬት ናት። እሷን በትኜ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ቢራው መልኩ ጥቁር፣ አረፋው ወፍራም፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ሆነ። ሲቀምሱት ግን ሊጥ ሊጥ ይላል። ሽማግሌው አንዴ ተጎንጭተው ብርጭቆውን አስቀመጡት። እኚህ ሰው ቢራ ሲያስተርፉ አይቼ አላውቅም። በኋላ «ጥፋቱ የእርሾው ነው፤ ፓኬቱ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደከረመ ማን ያውቃል፤ ሌላ መምረጥ አለብሽ» አሉኝ።

አዮ፣ አንቺ የምታፈዪው በምንድን ነው? ጋን ሥር እየተጫወትኩ አድጌ ምን እንደምትጨምሪበት አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። እስቲ ንገሪኝ።

ልጅሽ ለሊሴ

ጎጆ
የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለለሊሴ፤

ባለሽበት ሁሉ ጤናና ሰላም ይክበብሽ። እኛ በቸሩ ፈቃድ ደህና ነን። ደብዳቤሽ አንድ ወር ፈጅቶ አምቦ ፖስታ ቤት ደረሰ፤ ከአምቦ ጎጆ ደግሞ መንገዱን ታውቂዋለሽ።

እንዳዘዝሽኝ ጮኼ አነበብኩ። በትምህርት ቤት አማርኛ ባስተምርም ለአዳዳ የማነበው በኦሮምኛ እየገለበጥኩ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ደክሜልሻለሁ። እኔ አዳዳ እላታለሁ፣ የአባቴ እህት ናትና። አዮ የምትላት አንቺ ብቻ ነሽ።

ስኳሩ ላይ ስደርስ አዳዳ ጭኗን መታች። «ለጠላ? ለፈርሶ ስኳር? ታማለች እንዴ?» አለች። ፓኬቷ ላይ ስደርስ ግን ሳቋን አቆመች። «በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ እርሾ የማን ልጅ ነው? እናቱ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቄ።

መልሷን እንዳለችው እነሆ፦ «ጠላው ሲያልቅ ከጋኑ ግርጌ የሚቀረውን ዝቃጭ የኮባ ቅጠል ላይ ስስ አድርጌ እቀባዋለሁ። በጥላ ይደርቃል። ፀሐይ አላሳየውም፣ እሳት አላስጠጋውም። ሲደርቅ ፈርፍሬ በቅል አስቀምጠዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ጥንስስ እሱን ነው የምበትንበት። የእናቴ ነው፣ የእናቷም ነበር። ከእኛ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ይህን እኔም ያወቅኩት ስጽፍልሽ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ቤት ኖሬያለሁ። ጋኑን በግራዋ የማጥበው እኔ ነኝ፣ በወይራ የማጥነው እኔ ነኝ፣ አሻሮ ስቆላ ዓይኔ የጠፋው እኔ ነኝ። ቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቃት «ትደርሺበታለሽ» ትለኝ ነበር። አንቺ ከኮርክ አንድ ወረቀት ጻፍሽና ሁሉ ተነገረሽ።

ምንም ማለቴ አይደለም። ብቻ እንዲያው ገረመኝ።

አክባሪሽ ሴና

ኮርክ
ሚያዝያ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ጉዴና ለሴና፤

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሳችሁ። ለአዮ የሚሆን የሱፍ ሻርፕ ልኬያለሁ፣ ጆሮዋ እንዳይበርዳት።

መልሳችሁ እስኪደርሰኝ ሁለት ጊዜ ጠመቅኩ። አዮ፣ እርሾ እንደ በርበሬ በየዓይነቱ ይሸጣል ብልሽ ታምኛለሽ? ባለሱቁ ከማቀዝቀዣ እያወጣ ደረደረልኝ። አንዱ የእንግሊዝ ነው፤ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ግን ጣፋጩን በልቶ ሳይጨርስ ሥራ ያቆማል። ቢራው ለሕፃን የሚሰጥ ሽሮፕ መሰለኝ። ሌላው ብርድ የሚወድ ነው፤ ባልዲውን ጋራዥ ውስጥ ከትቼ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ጠበቅኩት። ጥርት ያለ ነገር ወጣው፣ ግን ጠባይ የለውም፤ የተቆላው ገብስ ምሬቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ባለሱቁ አሁን የሚመክረኝ ጣፋጩን ጨርሶ የሚበላ፣ የገብሱን ምሬት ግን የማይነካ ዓይነት እንድፈልግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀኝ። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ስለሆነ በለብታ ውሃ ነው የሚነቃው። ከአርባ ዲግሪ በላይ ከሞቀ ይሞታል። ሲሞት መልኩ ስለማይለወጥ አይታወቅም፤ የሚታወቀው አልፈላ ሲል ብቻ ነው።

«የማን ልጅ ነው» ያልሽውን ለሽማግሌው ስነግራቸው ኮፍያቸውን አነሡልሽ። «ሱቁን ተይና የእናትሽን እርሾ አስልኪ» አሉኝ። አዮ፣ ከቅሉ ትንሽ ብትልኪልኝ? ጭብጥ የማትሞላ ትበቃኛለች።

ሴና፣ ይቺ ላንቺ ናት፣ ጮኸሽ አታንብቢያት። መልስሽ ላይ ቅር ያለሽ መሰለኝ። አንቺ እናቴን ጠዋት ማታ ታያታለሽ። እኔ ከዚያ ቤት ይኼን ታህል ቢደርሰኝ ምን ይጎድልብሻል?

ለሊሴ

ጎጆ
ሰኔ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለሊሴ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አዳዳ ደህና ናት።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ተነሥታ ቅሉን አወረደች። ሲከፈት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ግማሹን ወረቀት ላይ ገለበጠችና «ለልጄ» አለች። መዳፏ ላይ የቀረውን እንኳ አራግፋልሻለች።

የኦቦ ቶኩማ ልጅ ኤቢሳ ለትምህርት ደብሊን ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ጉምሩክ ቢጠይቀው እንዳይደናገር ላዩ ላይ «በሶ» ብዬ ጽፌበታለሁ። መንገድ ላይ እንዳይሻግት በደንብ አድርቄዋለሁ።

ሌላው፣ የጽዮን ማርያም ጽዋ ማኅበርተኞች አዳዳ ስለደከመች ተተኪዋን እንድታሳውቅ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ኦቦ ቶኩማ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጥተው ነገሯት። ተተኪዋ በማኅበሩ ያላትን የጠማቂነት ቦታ፣ ጋኑንና ቅሉን ትረከባለች። ኅዳር 21፣ ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት እናገራለሁ ብላለች። የወለደችው አንቺን ብቻ ነው። በቤቱ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሻርፑ ደርሷል። እኔን የሚመለከት ነገር ካርቶኑ ውስጥ አላገኘሁም።

ሴና

ኮርክ
ነሐሴ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ጉዴ፤

ክረምቱን አሳልፎ አዲሱን ዓመት የጤናና የጥጋብ ያድርግላችሁ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሴና፣ ይህችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ባለበት አንብቢያት።

አዮ፣ እርሾሽ ጉድ ነው! በተንኩት፣ በማግሥቱ ቱቦው ሲንተከተክ ከመኝታ ቤቴ ሆኜ ሰማሁት። ክዳኑ ሊነሣ ደረሰ። ቤቱ በሙሉ እኛ ቤት እኛ ቤት ሸተተኝ። ሽማግሌው ሲቀምሱት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምሬቱ ልክ፣ ጣፋጩ ልክ፣ ጉሮሮ ሲወርድ የጎጆ ጥቁር ገብስ። ስንት ፓኬት ገዝቼ ያላገኘሁትን ያንቺ አንድ ጭብጥ ሰጠኝ። እርሾው አወቀኝ አዮ። ደሜን አወቀ።

ስለ ተተኪው ሴና ጽፋልኛለች። እኔ ሩቅ ነኝ፤ አንቺ ያልሽው ይሁን። ግን እርሾው ራሱ የመሰከረልኝ ይመስለኛል።

ልጅሽ ለሊሴ

ጎጆ
መስከረም 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሊሴ፤

ሰላምታውን ለዛሬ ይለፈኝ። ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ።

ደብዳቤሽን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አነበብኩት። ኦቦ ቶኩማ ነበሩ፣ ጎረቤታችን ጋዲሴም ነበረች። «ደሜን አወቀ» የሚለው ላይ ስደርስ አዳዳ አፏን በእጇ ያዘች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ «ኅዳርን ምን አስጠበቀኝ፣ ተተኪዬማ ልጄ ናት» አለች። ኦቦ ቶኩማ በዓይናቸው ወደ እኔ ሲያመለክቷት «ሴና የወንድሜ ልጅ ናት፤ ታግዛታለች» አለቻቸው። ታግዛታለች! በአሥራ ሁለት ዓመቴ እናቴን ቀብሬ የገባሁበት ቤት ውስጥ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ አጋዥ ሆንኩ።

አሁን ስሚኝ። ዋሽተሻል። ያ እርሾ አልፈላም፣ ሊፈላም አይችልም። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርሽ፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።

አዳዳ «ለልጄ» ብላ የሰጠችኝን ይዤ አንድ ቀን አሳደርኩት። በማግሥቱ እሷ ልቅሶ ልትደርስ እንደወጣች ብረት ምጣድ ጣድኩና ገለበጥኩበት። እንዳያር በማንኪያ አማሰልኩት፣ መልኩ እንዳይለወጥ እሳቱን ቀነስኩ። ሲሞት አይታወቅም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። የአሻሮ ሽታ ሲሸተኝ አወረድኩት፤ አቀዝቅዤ «በሶ» ብዬ ጻፍኩበት። ኤቢሳ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው ቆሜ አየሁ።

ለምን ብትይኝ፣ ቀንቼ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶሽን በየቅዳሜው የምወለውለው እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ አዳዳ መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው፤ ቆሜ የማስተናግደውን እኔን አይደለም። ጉሮሮዬ የሻከረው ለእሷ ስጮህ ነው፤ ጮኼ የምነግራት ደግሞ ያንቺን ወሬ ነው። ሻርፑን ሳታወልቅ ትተኛለች። ባለፈው ክረምት ከደመወዜ ቆጥቤ የገዛሁላት ብርድ ልብስ ግን «ይቆይ» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ነው።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። «አልፈላልኝም» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ አዳዳም «ካገሩ ሲወጣ አይሆንለትም፣ ለሴና ነው የሚገባው» ትላለች ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን የማሳየውን የሐዘን ፊት ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ። አንቺ ግን ዋሸሽና በለጥሽኝ። የገደልኩትን አስነሥተሽ እኔኑ አስነበብሽኝ።

ከኅዳር 21 በፊት እውነቱን ጻፊላት። ካልጻፍሽ፣ ራሴን አዋርጄም ቢሆን እናገራለሁ።

ሴና

ኮርክ
ጥቅምት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

እህቴ ሴና፤

ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ከመውረጃዬ ሦስት ፌርማታ አልፌ፣ በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ። እኔም በፈጣን ፖስታ ልኬያለሁ።

አውቄ ነበር። ፓኬቱን ስከፍተው አሻሮ አሻሮ ሸተተኝ። «በደንብ አድርቄዋለሁ» ያልሽው ያን ጊዜ ገባኝ። እንዲያም ሆኖ በለብታ ውሃ በጠበጥኩት፤ ዘጠኝ ቀን ባልዲው አጠገብ እየተቀመጥኩ ጠበቅኩ። ቱቦው አንዴም አልተነፈሰም። በአሥረኛው ቀን ሽማግሌው «ብቅሉ ሳይበላሽ አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ። ቤት ውስጥ የነበረው እርሾ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር የሚመጣው ብቻ ነበር። ያንኑ የናቅኩትን በተንኩበት። አዲስ ስለነበር ነው መሰለኝ ደህና አድርጎ ፈላ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጣሙት የእሱን ነው።

ለእናቴ እውነቱን ያልጻፍኩት አንቺን ላለማስጠላት ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ውሸት እንዳይበዛብኝ። የዋሸሁት እኔም ቀንቼ ነው። ፎቶዬን ስለምትወለውዪ ታማርሪያለሽ፤ እኔ እኮ ፎቶው ነኝ ሴና። ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምትያት አንቺ ነሽ። ስትቆጣ የምትቆጣው አንቺን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ማንም በኦሮምኛ ተቆጥቶኝ አያውቅም። «መዳፏ ላይ የቀረውን አራግፋልሻለች» ብለሽ ስትጽፊ፣ እጇ አሁን ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞክሬ አቃተኝ። የማውቀው የድሮ እጇን ነው። ከዚያ ቤት የእኔ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ፈለግኩ፤ ሞቶ ሲደርሰኝ በሕይወት አለ አልኩ።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ አትናገሪ። ጋኑም ቅሉም በእጅሽ ነው፣ ጠማቂዋም አንቺ ነሽ። ስሙን ብቻ ለእኔ ተይልኝ። ስም ብቻ ነው የምጠይቅሽ።

ለሊሴ

ጎጆ
ኅዳር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለሊሴ፤

የጽዮን እመቤት ትጠብቅሽ። ደብዳቤሽ ኅዳር 17 ደርሶኝ አራት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ስም ብቻ ትይኛለሽ። ስም ብቻ! እኔ የሌለኝ እኮ እሱ ነው። ጋን ማጠብማ መቼ ተከልክዬ አውቃለሁ?

እንዲያም ሆኖ ዝም ልል ወስኜ ነበር፤ ቀኑ እስኪደርስ።

ኅዳር 21 እሑድ ዋለ። ማኅበርተኛው ግቢያችን ሞላ፣ የነፍስ አባቷ ጽዋውን ባረኩ፣ ጠላው ሰምሮ ነበርና ሁሉም ወደደው። ከዚያ ኦቦ ቶኩማ ተነሥተው ስለ ተተኪ ጠየቁ። አዳዳ ለመነሣት ትከሻዬን ያዘች። በእኔ ተደግፋ ቆመችና «ተተኪዬ ለሊሴ ልጄ ናት፤ እርሾዬ ባሕር ተሻግሮ ያወቃት» አለች። እጇ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነው ይህን ያለችው። መሸከም አቃተኝ።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «አልፈላም» አልኳት። «ምን?» አለች። ጮህ አልኩ። «ምኑ?» አለች። ለአዳዳ ምስጢር በሹክሹክታ አይነገርም፤ አንቺ በስልክ የምታውቂውን እኔ ያን ቀን በሰው ፊት አወቅኩት። ባለ በሌለ ድምፄ «ለለሊሴ የላክሽው እርሾ! ምጣድ ላይ ቆልቼ ገደልኩት! እሷም ፈላ ያለችሽ ውሸቷን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቄሱ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ለምን?» አለችኝ፣ ይኼኛውን አጥርታ ሰምታ። «ሂናፌን!» አልኩ። ቀንቼ! ከመንገድ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሰምተዋል።

አዳዳ ትከሻዬን ለቀቀችና ብቻዋን ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለኦቦ ቶኩማ «ገና በእግሬ እሄዳለሁ። ተተኪ የለኝም። የከርሞውን ራሴ እጠምቃለሁ» አለቻቸው። ሰዉ ጽዋውን ፈጽሞ አንድ በአንድ ወጣ። ዓይኔን ያየኝ አልነበረም፣ ከጋዲሴ በስተቀር። ሰኞ ሰባተኛ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ምጣድ ሥለው ጠበቁኝ። ሳላጠፋው አስተማርኩ።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። የምሰጣትን ትበላለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። ትናንት «ወረቀት አምጪ» አለችኝ። ያለችውን ከነቁጣው እነሆ፦

«ለሊሴ ልጄ፣ የሞተውን ፈላ ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እኔም ሰው ሰብስቤ አስነበብኩት። አሳፈርሽኝ። ከእንግዲህ በወረቀት እርሾ አልክም። ለጥምቀት ነይ። ጥንስሱን በእጅሽ ትጥዪዋለሽ፤ ያቺም ገዳይ ከጎንሽ ሆና የራሷን ትጥላለች። ሁለታችሁንም ቆሜ አያችኋለሁ። የከበደኝ ጆሮዬ ነው፣ ዓይኔ ደህና ነው።»

ገዳይ የተባልኩት እኔ ነኝ። አጋዥ ከመባል ይሻለኛል፤ ስትቆጣኝ ቢያንስ እኔን ነው የምትቆጣው። አንቺም የቀናሽው ለዚህ ነበር አይደል?

የእሷ ቃል ይኸው ነው፣ አንድም ፊደል አልቀነስኩም። አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። እንድትመጪ አልፈልግም። ማሸነፍሽን ፈርቼ አይደለም፤ ጥንስስ ላይ አታሸንፊኝም። አዳዳ አንቺን በበሩ ስታይ የምታለቅሰውን ለቅሶ ፈርቼ ነው። ለእኔ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም፤ የትም ሄጄ አላውቅማ።

ቲኬት ስትቆርጪ ግን ቀኑን ጻፊልኝ። አምቦ መናኸሪያ ወርጄ የምቀበልሽ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም።

ሴና